ነፋስ የሚድረው፣ ንብ የምትድረው

ጡረታ የወጣሁት በሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። የሽኝት ኬክ አልተቆረሰልኝም። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበት ችግኝ ጣቢያ ቦታው ለመንገድ ማስፋፊያ ተፈለገ፤ ችግኞቹ ተሸጠው አለቁ፤ እኔም የታላቅ ወንድሜን ባጃጅ ይዤ ጅማ ውስጥ ከጊንጆ ሰፈር ገበያ፣ ከገበያ ጊንጆ መመላለስ ጀመርኩ። በቃ። ከአትክልተኝነት ወደ ሹፌርነት የተሻገርኩት በአንድ ቅዳሜ ነው።

በቀደም ክራቫት ያሰረ ተሳፋሪ ከኋላዬ ተቀምጦ፣ «እህት፣ ከዚህ በፊት ምን ትሠሪ ነበር?» አለኝ። አነዳዴ አላማረውም መሰለኝ።

«ያ አጥር ላይ የተንጠለጠለው ቀይ ቦገንቪላ ይታይሃል?»

«ይታየኛል።»

«እኔ ነኝ የተከልኩት። እዚያ ቤት ያለችው ልጅ ድሮ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ዐይኗ እያበጠ ከትምህርት ቤት ትቀር ነበር። አሁን አትቀርም።»

«አበባ ተክለሽ ዐይን ታድኛለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ።

«አላድንም፤ ሐኪም አይደለሁም። የማያሳምመውን መርጬ እተክላለሁ።»

«ሁሉም አበባ፣ አበባ አይደል እንዴ?»

መልሱ ረጅም ነው። ሳልጀምረው ገበያ ደረስንና ወረደ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ቁጭ ማለት ለእኔ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም። እናቴ «ፎዚያ፣ ልብስ ስፌት ተማሪ» አለችኝ። ልብስ ስፌት ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ነው፤ እምቢ አልኩ። ከጊንጆ ዝቅ ብሎ ከወንዙ ዳር ጋሽ ተካ የሚባሉ ሰው ችግኝ ይሸጡ ነበር። ከወልቂጤ መጥተው ጅማ ላይ ብዙ ነገር ሸጠዋል፤ ቆርቆሮ፣ ጫማ፣ ከዚያ ችግኝ። ሠራተኛ ይፈልጋሉ ተብሎ ሄድኩ።

«አትክልት ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«ጥሩ። የሚያውቅ ሠራተኛ ደንበኛ ያከራክርብኛል።»

ሕጋቸው አንድ ነበር፦ ደንበኛ የጠየቀውን ስጪ። እሾህ ከጠየቀሽ እሾህ ስጪው። ስለ ደመወዙ የምለው፣ ጫማ ገዝቼበት ነበር፤ ጫማውን ጭቃ በላው።

ደንበኛ የሚያከራክር ሠራተኛ ግን ቀድሞም ነበራቸው፤ አባ ኦሊ። አባ ኦሊ ከጅማ ወጣ ብላ ያለችው የሰቃ ሰው ናቸው። የዕድሜያቸውን ግማሽ ጫካ ውስጥ ንብ ሲያረቡ ኖረው፣ አንድ ቀን ቀፎ ሊሰቅሉ ዛፍ ላይ ወጥተው ወደቁ። ዳሌያቸው ከዚያ ወዲህ አልተስተካከለም። «መሬት ላይ ያለ ሥራ ይሻለኛል» ብለው ጅማ ገቡ። መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን ጠራራ ፀሐይ ላይ እስከ ጉልበታቸው የሚደርስ ወፍራም ጥቁር ኮት ለብሰው፣ እስከ አንገት ቆልፈው፣ በቆሎ መሐል ቆመዋል።

«አባ፣ በዚህ ፀሐይ ካፖርት? ታመዋል እንዴ?» አልኳቸው። አፌ እንዲህ ነው።

«ካፖርት አይደለም ኢንተሎ። መነጽሬ ነው።» ኢንተሎ በኦሮምኛ ልጅት ማለት ነው። አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ስሜን የጠሩኝ ሁለቴ ቢሆን ነው።

የበቆሎውን አናት ዝቅ አድርገው እጅጌያቸው ላይ ረገፍ አደረጉት። ጥቁሩ እጅጌ ቢጫ ዱቄት ለበሰ። እፍ ሲሉት በነነና አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ አስነጠሰኝ። ከዚያ ጽጌረዳ ቆርጠው ያንኑ አደረጉ። ደጋግመው አራገፉ፤ ምንም። በጣታቸው ወደ ውስጥ ገብተው የአበባዋን ዱቄት ነኩና አሳዩኝ፤ ጣታቸው ላይ እንደ ማር ተጣብቋል።

«አበባ ሁሉ ይዳራል» አሉኝ። «ንብ የምትድረው አለ፤ ነፋስ የሚድረው አለ። ንብ ጨዋ ሽማግሌ ናት። ከዚህ ቤት ተነሥታ እዚያ ቤት ትገባለች፤ ጉዳዩን ለባለጉዳዩ ትናገራለች። ነፋስ ግን ወሬኛ ነው። አንዲት ሙሽራ ፍለጋ የአገሩን አፍንጫ ሁሉ ያንኳኳል።»

«ንብ በቆሎ ላይ አይቻለሁ እኮ።»

«እንግዳ ሆና መጥታ ነው። ሽማግሌ ሆና አይደለም።»

ለካ ሰዉ የሚፈራው ተገልብጦ ነው። የሚያምረውን፣ ቀለም ያለውን፣ አበባነቱ የሚታየውን ይፈራል። አበባው ንብ ለመጥራት ነው ያማረው፤ ዱቄቱ ከባድና ሙጫ ነው፣ አይበንም። የሚያስነጥሰው አበባ የማይመስለው ነው። ሳሩ፣ ሰርዶው፣ ጽዱ፣ ወይራው፣ ሸውሸዌው፣ በር ላይ ራሱ የበቀለው ጉሎ። ማንን ሊያስደስት ያምራል? ነፋስ ዐይን የለው።

ሽታም ሌላ ጣጣ ነው። ባይበንም ደረት የሚይዝ አበባ አለ፤ በተለይ አመሻሽ ላይ የሚፈነዳው ነጭ ጃስሚን። አባ ኦሊ የታመመ ሰው መስኮት ሥር ሽታው የሚጮኽ ነገር አይተክሉም ነበር። «ሙሽራ ቢሆንም ድምፁን ይቀንስ» ይላሉ።

ሥራ ሲጀምሩ ሦስት ጥያቄ ነበራቸው። ግቢውን ሳያዩ፣ ገና በር ላይ፦ ማነው የሚታመመው? መቼ ነው የሚብስበት? ምን ሲሠራ የኖረ ሰው ነው? ሦስተኛው ይገርመኝ ነበር።

«እኛ ምን አገባን፣ ሥራ ልንቀጥራቸው ነው?» አልኳቸው አንዴ።

«የሰው ሥራ ከሰው ሳንባ አይወጣም» አሉኝ።

ሲጨርሱ ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው። እቃ ተሰብስቦ፣ ሒሳብ ተቀብለን፣ እኔ በሩን ይዤ ቆሜ፣ እሳቸው በተከሉት መሐል በርጩማ ያስመጡና ይቀመጣሉ። የታመመውንም ሰው አጠገባቸው ያስቀምጣሉ። ጥላው ከአንድ ድንጋይ ወደ ሌላው እስኪሻገር ድረስ ዝም። «ታኢ» ይሉኛል፤ ተቀመጪ ነው። «ሱታ፣ ቀስ በይ። ግቢው የሚናገረው አለ።» እኔ አልቀመጥም። «አባ፣ ጋሽ ተካ ይጠብቁናል» እያልኩ በአንድ እግሬ ስቆም፣ በሌላው ስቆም ያልቃል። ሰነፍነት ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ በሥራዬ የኮራሁት ሰቃ ነው። አንድ መምህር፣ ሚስታቸው በጋው በገባ ቁጥር ዐይኗ እየቀላ ሲፈስ፣ ግቢ ውስጥ ያለውን አበባ በሙሉ ነቅለው ጥለውታል። ጽጌረዳ እንኳ አልቀረም። ለውጥ የለም። ግቢው መሐል ሁለት ያረጁ ጽዶች ቆመዋል።

«ጽዶቹስ?» አሉ አባ ኦሊ።

«ጽድ ምን አበባ አለው? እንዲያውም ይኼኛው ወንድ ነው። ፍሬ አያራግፍ፣ ወፍ አይጠራ፤ ንጹሕ ዛፍ ነው። ሴቷን ነው ላስቆርጣት ያሰብኩት።»

አባ ኦሊ ረጅም እንጨት አንሥተው የወንዱን ቅርንጫፍ አንዴ መቱት። ዛፉ አጨሰ። እውነቴን ነው፣ እሳት የተያያዘ ነው የመሰለው፤ ቢጫ ጭስ ተነሥቶ በመስኮቱ ገባ። መምህሩ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። የአባ ኦሊ ኮት ከትከሻ እስከ ክርን ቢጫ ሆነ።

«ንጹሕ ያሉት ይኼን ነው?» አሉ። «ሴቷ የምታራግፈው በመጥረጊያ ይጠረጋል። ይኼን በምን ይጠርጉታል?»

አገር በቀል ዛፍ ለማስቆረጥ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለወረቀቱ አራት ጊዜ ሰቃ ተመላልሻለሁ፣ ከማኅተሙ ቀለም ሌላ የማስታውሰው የለም። ወንዱ ሄደ፣ ሴቷ ቀረች። የመምህሩ ሚስት ጽጌረዳዎቿን በእጇ መልሳ ስትተክል እንባዋ ወረደ። ሁላችንም ደንግጠን አየናት። «አትፍሩ፣ አሁን በሌላ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ተካ ለአንድ በጋ የቡ ወደምትባል የቡና ከተማ ላኩኝ። አንድ የቡና ነጋዴ ሰፊ ግቢ ነበራቸው፤ ብቻዬን ነበር የምውለው። የቡ ላይ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ጉዝጓዝ። የችግኝ ሰው ጉዝጓዝ ሲል የሰርግ ሣር ማለቱ አይደለም፤ አፈሩ እንዳይደርቅ፣ አረም እንዳይወጣ ከተክሉ ሥር የሚለበሰውን ነው። የቡ ላይ ደግሞ ለዚያ የሚሆን የቡና ገለባ እንደ ተራራ ተቆልሏል። ከመፈልፈያው ጓሮ ወስደሽ ከገላገልሻቸው ይመርቁሻል። ሦስት ጣት ውፍረት አልብሼው፣ በጋውን ሙሉ ሁለት ጊዜ ብቻ አጠጣሁት። ነጋዴው እንግዳ እየጠሩ አሳዩ። እኔም ጅማ ስመለስ ትከሻዬ በበር አይገባም ነበር።

ነጅሚያ ችግኝ ጣቢያው የመጣችው በዚያን ሰሞን ነው። እኩያዬ ናት፤ ቀልጣፋ፣ የምትለውን የምታውቅ።

«እናቴ አስም አለባት» አለችኝ። «ከየቡ አምጥተን እዚህ ጊንጆ ቤት ሠራንላት። ግን ምን ዋጋ አለው፣ በርና መስኮት ተዘግቶ ውስጥ ነው የምትውለው። ስትወጣ ይነሣባታል። ሌላ አልፈልግም፤ በራሷ ግቢ ቁጭ ብላ ፀሐይ ትሙቅ። ይቻላል?»

አባ ኦሊ ዳሌያቸውን ሊታከሙ ሰቃ ልጃቸው ቤት ነበሩ። ጋሽ ተካ እንኳ፣ እሳቸው እንኳ፣ «ሽማግሌው ቢመለሱ አይሻልም?» አሉ።

«እኔ አለሁ» አልኩ።

ሁለት ጥያቄ ጠየቅኩ። ማን፤ እናት። መቼ፤ ሲወጡ። ሦስተኛውን ተውኩት። ቸኩያለሁ፣ ዐይኔ ግቢው ላይ ነው። ግቢውማ በሽታ ነበር! ሰርዶው ዘርቷል፣ በሩ ላይ ጉሎ፣ መኝታ ቤቱ መስኮት ሥር በቆሎ። «ያ አላህ፣ ይኼ ሁሉ እየነፈሰባቸው እንዴት ተነፈሱ!» አልኩ።

የሠራሁትን ዛሬም አላፍርበትም። ሰርዶውን ከነሥሩ ነቀልኩ። ጉሎውን አስወገድኩ። በቆሎውን ነቅዬ ለጎረቤት ሰጠሁ። ንፋስ በሚመጣበት በኩል እንሰት ደረደርኩ፤ ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ አቧራ ያስቀራል፣ አበባ የሚያወጣው ሊሞት ሲል ነው፤ በየሳምንቱ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ብቻ። አጥሩ ላይ ቦገንቪላ፣ መቀመጫው ዙሪያ ሽታቸው ለስላሳ የሆነ ስድስት ጽጌረዳዎች፣ ደረጃው ላይ ጄራኒየም። ጎረቤት ጃስሚን በስጦታ ስታመጣ አመስግኜ መለስኳት፤ አኩርፋ ሄደች። እያንዳንዱን አበባ በነጅሚያ ጥቁር ሻርፕ ላይ አራግፌ ነው የተከልኩት።

በመጨረሻ ጉዝጓዙ። ከየቡ በሚያውቀኝ ሹፌር አሥራ ሁለት ጆንያ የቡና ገለባ አስመጥቼ፣ ሦስት ጣት ውፍረት አለበስኩት። ግቢው ቡናማ ምንጣፍ የተነጠፈበት መሰለ።

እትዬ ሰዓዳን ጠራናቸው። ቀጭን፣ ጥቁር ጅልባብ የለበሱ፣ ሃምሳ ያለፋቸው ሴት ናቸው። ደፉ ላይ ቆም አሉ። የጅልባባቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ አወረዱት።

«አማረ፣ እትዬ?»

«አማረ ልጄ። ባረከላህ። እጅሽን አላህ ይባርከው።»

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ነጅሚያ አቀፈችኝ። አጠገባቸው በርጩማ ነበር። አልተቀመጥኩበትም። ሌላ ሥራ ነበረኝ፣ ሮጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ነጅሚያ ደወለች። «ነይና የሠራሽውን እዪ!» ብላ ዘጋችብኝ። ሆስፒታል ስደርስ እትዬ ሰዓዳ አፍንጫቸው ላይ ኦክስጅን ተደርጎ፣ ትከሻቸው በእያንዳንዱ ትንፋሽ እየተነሣ ነበር። በአፍ የሚሳበውን የአስም ፓፋቸውን ደጋግመው ቢወስዱም አልረዳቸውም። ነጅሚያ ኮሪደሩ ላይ ይዛ አቆመችኝ።

«አትክልተኛ ነኝ ነው ያልሽኝ ወይስ ቀባሪ?»

 ወደ ችግኝ ጣቢያው ተመለስኩ።

ጋሽ ተካ፣ «ሰው ይታመማል። የአየር ለውጥ ነው በይና ዝም በይ» አሉኝ። ዝም አላልኩም። ሚኒባስ ተሳፍሬ ሰቃ ሄድኩ። አባ ኦሊ እግራቸውን ዘርግተው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ኮቱ ትከሻቸው ላይ ነው። አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሰርዶው። «ደግ።» ጉሎው። «ደግ።» እንሰቱ፣ ቦገንቪላው፣ ጽጌረዳው። «ደግ፣ ደግ።» ጃስሚኑን መመለሴን ስነግራቸው ፈገግ አሉ።

«ከእግር በታችስ?»

«ጉዝጓዝ አለበስኩት።»

«በምን?»

«በቡና ገለባ። ከየቡ፣ ከመፈልፈያው።»

የዘረጉትን እግራቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ፣ «ሴትዮዋስ ከየት ናት?»

«ከየቡ።»

«ምን ስትሠራ ኖረች?»

ይኼን አልጠየቅኩም ነበር። ስልኬን አውጥቼ ለነጅሚያ ደወልኩ። «ስድቡን በኋላ፤ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። እናትሽ የቡ ምን ነበር የሚሠሩት?»

«ቡና ለቀማ» አለች። «መጋዘን ውስጥ። አሥራ ሰባት ዓመት። ምነው?»

አሥራ ሰባት ዓመት የቡና አቧራ የጠጣ ሳንባ። ልጆቻቸው ከዚያ አቧራ አውጥተው ጊንጆ ያስገቧቸውን ሴት፣ እኔ በአሥራ ሁለት ጆንያ አቧራውን እግራቸው ሥር አመጣሁላቸው። ከነፋስ ስጠብቃቸው ነፋሱን ራሴ ጭኜ መጣሁ። ጅማ ውስጥ የቡና ገለባ ማንም አይጠረጥርም። ቡና እኮ ነው! እናት አባታችንን ያበላ ነገር እንዴት ይጠረጠራል?

«ታኢ» አሉኝ አባ ኦሊ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ አለቀስኩ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ጨርሰሽ ስትሄጂ ተቀምጠሽ ነበር?» አሉኝ።

«አልተቀመጥኩም።»

«ብትቀመጪ ትንፋሿን ትሰሚው ነበር። እኔ የምቀመጠው አበባ ላይ አይደለም፣ ሰው ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ደረት ያፏጫል ኢንተሎ፤ ቀስ ብሎ ያፏጫል። ሩጫ ላይ ያለ አይሰማውም።»

ከዚያ እንዴት እንደማነሣው አስተማሩኝ። በደረቁ ከነካሁት ይበናል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ማርጠብ። ነጅሚያ በሩን የከፈተችልኝ ሳታየኝ ነው። እውነቱን ነገርኳት፤ ጥፋቱ የተክሎቹ አይደለም፣ የገለባው ነው፣ ገለባውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ መጠየቅ የነበረብኝን አልጠየቅኩም። «እና አሁን ምን ልታደርጊ?» አለች። «እናትሽ ከመምጣታቸው በፊት ላወጣው» አልኳት። ሁለት ቀን ሙሉ፣ እያረጠብኩ፣ በአካፋ እየገፈፍኩ፣ በጆንያ እያሰርኩ አወጣሁት። ከሥሩ ያለውን አፈር ሁለት ጣት ያህል ላጥኩት። እንሰቱን ቅጠል በቅጠል፣ ጽጌረዳውን እሾህ በእሾህ አጠብኩ። መጋረጃና ወንበር ሳይቀር ታጠበ። በሁለተኛው ቀን ነጅሚያ ዝም ብላ ቱቦውን ከእጄ ተቀብላ ታጠጣልኝ ጀመር።

ባዶውን አፈር ግን መተው አይቻልም፤ ጉዝጓዝ ከሌለው ሰርዶው ይመለሳል። የታጨደ ሣር ማልበስ አልፈለግኩም፣ ሻጋታ ይይዛል። ስለዚህ መቀመጫው አካባቢ ከወንዝ የመጣ ጠጠር ታጥቦ ተነጠፈ። ከጽጌረዳው ሥር ደግሞ ስኳር ድንች ተከልኩ። ሐረጉ መሬቱን በአንድ ክረምት ይሸፍናል፤ እምብዛም አያብብም፣ ቢያብብም ንብ የምትድረው ነው። ሕያው ጉዝጓዝ። ይኼ የእኔ ፈጠራ ነው፤ አባ ኦሊ ሲሰሙ ራሳቸውን ነቅንቀው «ገሪ» ብቻ አሉ፤ ጥሩ ማለት ነው። ከእሳቸው አንድ «ገሪ» ከሌላ ሰው ሙሉ የምስክር ወረቀት ይበልጣል።

እትዬ ሰዓዳ ሲመለሱ ደጃፉ ላይ ጠበቅኳቸው። ይቅርታ ልጠይቅ ተንበረከክኩ። ትከሻዬን ይዘው አነሡኝ።

«ሽታውን የመጀመሪያ ቀን ነው ያወቅኩት» አሉኝ።

«ምን?»

«ገና ደፉ ላይ። ዐይኔን ብጨፍን መጋዘኑ ውስጥ ነኝ። ያ መጋዘን ተከትሎኝ መጣ እንዴ አልኩ።»

«እና ለምን አልነገሩኝም፣ እትዬ!» ጮኽኩ። ጨዋነቱን ረሳሁት።

«የሰው ልጅ ለፍታ፣ ላቧ እንኳ ሳይደርቅ፣ ‹አማረ ወይ› ስትለኝ ምን ልበልሽ? ይሉኝታ ያዘኝ።»

«ይሉኝታ ሊገድልዎት ነበር!»

ሳቁ፤ ሳል አቋረጣቸው፤ ደግሞ ሳቁ። እኔ ግን ያን ቀን ሕጌን ጨመርኩ። ከዚያ ወዲህ በየሰው በር ላይ ሦስቱን ጥያቄ ከጠየቅኩ በኋላ አራተኛ እላለሁ፦ «እዚህ ግቢ ውስጥ ይሉኝታ አይተከልም። ከሸተታችሁ ሸተተን በሉ፤ ካሳከካችሁ አሳከከን በሉ። አላዝንም።» ብዙ ሰው ይስቃል። ከዚያ ግን ይናገራል።

ያን ቀን እትዬ ሰዓዳ አጠገብ ቆየሁ። ቆሜ ነው፤ ግን ቆየሁ። ጥላው ከአንዱ ጠጠር ወደ ሌላው ሲሻገር ትንፋሻቸውን ሰማሁት። አያፏጭም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የሥራ ናቸው። አባ ኦሊ ዳሌያቸው እምቢ ሲላቸው ጠቅልለው ሰቃ ገቡ፤ ሲሄዱ ኮቱን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉት። ተረከዜ ላይ ይደርሳል። «ሰፊ ነው፣ አባ» አልኳቸው። «ታድጊበታለሽ» አሉኝ፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጊንጆ ውስጥ፣ የቡ፣ ሰቃ፣ ያን ኮት ለብሼ ያልገባሁበት ግቢ ጥቂት ነው። አጥር ሥር የተተከሉ ጽዶችን አስነቅያለሁ፣ ያልተቆረጠ ሰርዶ አሳጭጃለሁ፣ ከባለሥልጣን ሚስት ጋር በሸውሸዌ ተጣልቼ አሸንፌአለሁ። ጋሽ ተካ እንኳ በመጨረሻ ደንበኛ ሲመጣ፣ «ቆይ፣ የምታከራክረዋን ልጥራልህ» ማለት ጀምረው ነበር። እንደሳቸው ከሆነ ይኼ ሙገሳ ነው።

ከዚያ መንገዱ መጣ፣ ችግኝ ጣቢያው ተነሣ፣ ባጃጅ ያዝኩ። ኮቱን መቀመጫዬ ላይ አለበስኩት። ለማን እንደማወርሰው ግን አላወቅኩም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከሥራው መውጣት ሳይሆን ይኼ ነው ሲያሳስበኝ የከረመው።

ባለፈው እሑድ የነጅሚያ ሰርግ ነበር። እዚያው ግቢ። ባጃጄ ውስጥ ሦስት ጎረቤቶች፣ እያንዳንዳቸው እቅፍ ሙሉ ለጉዝጓዝ የሚሆን ለምለም ሣር ይዘው፣ ጫንኳቸው። ልናገራቸው እያሰብኩ በር ላይ ደረስን። እትዬ ሰዓዳ በሩ ላይ ወንበር አስቀምጠው ተቀምጠዋል፤ ሰርጉ የልጃቸው ሳይሆን የፍተሻ ጣቢያ ነው የሚመስለው።

«ቆይ፣ እሱን አምጪው» አሉ የመጀመሪያዋን። ከእቅፏ አንድ ዘለላ መዘው የጅልባባቸው ጥቁር እጅጌ ላይ ረገፍ አደረጉት። ቢጫ ሆነ። እጅጌያቸውን ለሁሉም አሳዩ።

«ይኼ ነፋስ የሚድረው ነው። መልሺው እህቴ።»

«ሰዓዳ፣ አበድሽ? ሰርግ ያለ ጉዝጓዝ?» አለች ሴትዮዋ።

«ጉዝጓዜ ያውልሽ፣ ከእግርሽ በታች በቅሎ! ግቢ፣ ግን እንዳትረግጪብኝ፤ ሲደርስ ትበዪዋለሽ።»

ሣሩ በሙሉ ባጃጄ ላይ ተመልሶ ተጫነ። እኔ መሪዬን ይዤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ያን እጅጌ ማን አስተማራቸው? ማንም። ስሠራ አይተውኝ ነው።

«አንቺስ፣ ፎዚያ» አሉኝ። «ጠፋሽ። አሁን ምን ትሠሪያለሽ?»

ሦስተኛው ጥያቄ። በራሴ ላይ መጣ።

«ባጃጅ፣ እትዬ። ይኸው።»

እጄን ያዙና ወደ ራሳቸው ሳቡኝ። የሹራቤን ትከሻ በእጅጌያቸው ላይ ደግመው ደጋግመው አራገፉት። የጊንጆ መንገድ አቧራ ጥቁሩ ላይ ወረደ፤ ቀይ፣ ወፍራም። ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን አስግገው አዩት። እትዬ ሰዓዳ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዋይ ልጄ! አንቺንም ነፋስ ሊድርሽ ነው እንዴ?»

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ከመቼ ወዲህ እንደዚያ እንዳፈርኩ አላስታውስም። ከዚያ ሻርፕ አስመጥተው አፍንጫና አፌን ራሳቸው አሰሩልኝ፤ ነጂ ሁሉ እንዲህ ነው መሆን ያለበት አሉ። ወደ ግቢው ይዘውኝ ገቡ፣ ጽጌረዳዎቹ አጠገብ ያለውን ያንን በርጩማ በእግራቸው ወደ እኔ ገፉት።

«ታኢ» አሉኝ።

ውጭ አንድ ተሳፋሪ የባጃጄን ክላክስ ይነፋል። ተቀመጥኩ።